ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤው ወዴት አለ?

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ በሚደረጉ ክርክሮች ላይ አንድ ጥያቄ በየጊዜው ብቅ እያለ ሳይመለስ ይታለፋል። ይኸውም «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማርኛ ለምን አልበረከተም?» የሚለው ነው። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ከግራና ከቀኝ ብድግ ይላሉ። የፊተኞቹ «ነገሩ የባዕድ ነው፤ በበሬ ለሚያርስ ገበሬ የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ምን ይፈይድለታል?» ብለው ይጠይቃሉ። የኋለኞቹ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው «ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በብራናችን ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ፈረንጅ የቀዳው ከኛ ነው» ይላሉ። ሁለቱ ሲታዩ ባላንጣዎች ይመስላሉ፤ በፍሬ ነገሩ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ብዕር አንሥቶ መጻፍን፣ የተጻፈውንም በአደባባይ አንብቦ መተቸትን ከንቱ ድካም ያደርጉታልና። አንደኛው «አያስፈልግም»፣ ሁለተኛው «ተፈጽሟል» እያለ ከሥራው ያመልጣል።

ከሁለቱም ጋር መሟገት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ጥያቄው ራሱ መቃናት አለበት። የጎደለው ሐሳብ አይደለም፤ ቋንቋም፣ ተሰጥኦም፣ አንባቢም አይደለም። የጎደለው ጉባኤ ነው። ይህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ በሌላው ዓለም ሥር የሰደደው ደራሲና አንባቢ በየዓመቱ ፊት ለፊት እየተገናኙ በሚሟገቱበት ጉባኤ አማካይነት ነው፤ ከነዚህም ጉባኤዎች ጥቂት የማይባሉት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ የተመሠረቱ ናቸው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ጉባኤ ልማድ ሊሆን አልቻለም። ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው አገሪቱ ጉባኤን የማታውቅ መሆኗ አይደለም፤ ከብዙዎች ቀድማ የምታውቅ መሆኗ ነው።

የእነዚህ ጉባኤዎች ታሪክ መነሻው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1937 ጥቂት እንግሊዛውያን አንባቢዎች በሊድስ ከተማ በአንድ አዳራሽ ተሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 ደግሞ በኒው ዮርክ 200 ያህል ሰዎች ለሦስት ቀን ተቀመጡና ስብሰባቸውን «የዓለም ጉባኤ» አሉት፤ ስሙን የወሰዱት በዚያው ዓመት በከተማይቱ ከተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። የ18 ዓመቱ ሬይ ብራድበሪ ከሎስ አንጀለስ ድረስ በብድር ገንዘብ በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። በበሩ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ስድስት ወጣቶች በበራሪ ጽሑፍ ጉባኤውን ያውካሉ ተብለው እንዳይገቡ ተከለከሉ። ከተከለከሉት መካከል የነበሩት ፍሬድሪክ ፖልና ዶናልድ ዎልሃይም ኋላ በዘርፉ ከታወቁት አዘጋጆች መካከል ሆኑ። እንግዲህ ጉባኤው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መጣያ ስፍራም ነበር። ይህ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም፤ ሰው የሚጣላው ለሚገደው ነገር ነውና።

ዩኒቨርሲቲዎች የገቡበት ከዚህ በኋላ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የተማሪዎች ማኅበር መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ እየጨመረ ከ60 ሺህ በላይ ጥራዝ ያለው ቤተ መጻሕፍት ባለቤት ለመሆን በቃ። ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ግን የቴክሳሱ ታሪክ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ስም ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላት መነሻቸው «እርሻ» እና «መካኒክ» ነው። ለብዙ ዘመን ተማሪው ሁሉ በወታደራዊ ሥርዓት እየሠለጠነ እርሻና ምሕንድስና የሚማርበት፣ ከትልቅ ከተማ የራቀ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ነው እ.ኤ.አ. በ1969 የተማሪዎች ኮሚቴ፣ ስሙን ብርሃኑ ከሚለዋወጥ የኮከብ ዓይነት ወስዶ፣ «አጊኮን» የተባለውን የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ የከፈተው። «አጊ» የእርሻ ኮሌጁ ተማሪ የቁልምጫ ስም ነው፤ ተማሪዎቹ አላፈሩበትም፣ በጉባኤያቸው ግንባር ላይ ጻፉት እንጂ። አዳራሽ የጠየቁት፣ ማስታወቂያ የለጠፉት፣ ደራሲ የጋበዙት እነርሱው ነበሩ። አንዱ ሲመረቅ ሌላው እየተረከበ ጉባኤው ግማሽ ምእት ዓመት ዘለቀ።

የእርሻ ኮሌጅ በዓለማያ ሲቋቋም እጁን የዘረጋው የዚሁ የቴክሳስ ጎረቤት፣ የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ መሆኑ እዚህ ላይ ትዝ ሊል ይገባል። የዘር ምርጫው፣ የከብት እርባታው፣ የኤክስቴንሽኑ አሠራር ከዚያ መጣ። የተማሪዎቹ የንባብ ማኅበር ግን ከዕቃው ጋር አልተጫነም። ላኪውም አላሰበው፣ ተቀባዩም አልጠየቀ።

እ.ኤ.አ. በ1977 በማዲሰን ከተማ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጉባኤም መዘንጋት የለበትም። ሴቶች ደራሲያንና አንባቢያን «ስለ ወደ ፊቱ ዓለም ሲታለም ሴቲቱ የት ናት?» የሚለውን ጥያቄ አንሥተው ለአሠርት ዓመታት የተከራከሩበት መድረክ እርሱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ጉባኤዎች ዘንድ አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ደራሲ ሥራውን ያነባል፣ አንባቢ ይጠይቃል፣ «ይህ መሣሪያ በዚህ የተፈጥሮ ሕግ ሊሠራ አይችልም» የሚል የፊዚክስ ተማሪ ይነሣል፣ «መሣሪያውስ ይሥራ፣ ሰውየው ግን ሰው አይመስልም» የሚል የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይከተላል። አንባቢ ሆኖ የመጣው በዓመቱ ጸሐፊ ሆኖ ይመለሳል። ዘርፉ ያደገው እንዲህ ነው።

ይህ አሠራር ለጎጃም ሰው እንግዳ ነውን?

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ፣ ከእርሷም ጋር ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ፣ በትምህርታቸው ስማቸው የሚጠራ አድባራት ናቸው። የቅኔው ትምህርት የሚሰጥበት ስፍራ ስሙ ራሱ «ጉባኤ ቤት» ነው። ከቅኔ ዓይነቶች ሁለት ቤት ብቻ ያለው የመጀመሪያው «ጉባኤ ቃና» ይባላል። ስሙን ትቶ ግብሩን ለተመለከተም ያው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። ራሱን ከሰው ለይቶ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያም የቆጠረውን በየኔታና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። ይህ ነገራ ይባላል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ አገባቡ ከተሰበረ ያቃናሉ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተጋጠመ ይመልሱታል፣ ምሥጢር ከሌለው ዝም ይላሉ፤ ከተግሣጽ ይልቅ የሚከብደው ያ ዝምታ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ጽኑ ሕግ አለ፤ የተባለ ቅኔ አይደገምም። ትናንት ያስጨበጨበው ለዛሬ አያገለግልም፤ የዛሬው ዛሬ መቆጠር አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? ወጣቶች ከያሉበት ተሰባስበው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሐሳብ ፈጥረው፣ በዕውቀት ሕግ አስረው፣ በብርቱ አድማጭ ፊት የሚፈተኑበት ጉባኤ ነው። ብራድበሪ በብድር ገንዘብ አገር አቋርጦ የሄደለትን ነገር የጎጃም ቆሎ ተማሪ በልመና እንጀራ ሲያደርገው ኖሯል። ሴትም ብትሆን ከዚህ ማዕድ ፈጽማ አልራቀችም፤ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተምረዋል።

ከነዚህ ጉባኤ ቤቶች የወጣውን ፍሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የቅኔው ተማሪ በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል የመጽሐፉ ልብ ናቸው፤ ሆኖም ለዚህ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅመው ጉዱ ካሣ ነው። ጉዱ ካሣ መንኮራኩር አልሠራም፣ ኮከብ አልቆጠረም። ያደረገው ነገር ቢኖር በዙሪያው ያለው ሥርዓት ሌላ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ማሰብና ማሰቡን ጮክ ብሎ መናገር ነው። ለዚህም እንደ እብድ ተቆጠረ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በጥሩነቱ ጊዜ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም፤ «ይህ ባይሆንስ? ያ ቢሆንስ?» እያለ የሚጠይቅ ጉዱ ነው። የእብደቱ መሣሪያ ብቻ ይለያል።

«ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ ጉባኤ መች ጎደላቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በስብሰባ አይታሙም። ሲምፖዚየም አለ፣ ዐውደ ጥናት አለ፣ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ አለ። የክብር እንግዳው ዘግይተው ይመጣሉ፤ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ የመክፈቻ ንግግሩን የሚያመሰግን ንግግር ይከተላል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንድ ሰው የ40 ገጽ ጥናቱን በ15 ደቂቃ ውስጥ እየሮጠ ያነባል፤ «ሰዓት ስለሌለን አንድ ጥያቄ ብቻ» ይባላል፤ እርሱም ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ሆኖ ይገኛል። የአበል ወረቀት ይፈረማል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ደራሲው በአዳራሹ ውስጥ ካለ ከኋላ ረድፍ ነው። አንባቢው ግን አልተጋበዘም። ይህ ጉባኤ አይደለም፤ የጉባኤ ተዝካር ነው።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮሌጅ ቀን በተባለው በዓል ላይ ተማሪዎች ግጥም የሚያነቡበት መድረክ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ያነበበው እዚያ ነው። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን ያሰማውም እዚያ ነው። ይህን ሁለተኛውን ግጥም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለፖለቲካው ነው፤ ከሳይንስ ጋር ያለውን ዝምድና የሚያነሣ ጥቂት ነው። ገሞራው የሰውን ልጅ ከጨለማ ያወጡትን ፈልሳፊዎች፣ ጠቢባንና ባለሙያዎች እየጠራ ይራገማል፤ እርግማኑ ግን በግልባጩ ምርቃት ነው፤ ዕውቀታቸውን ያልተጠቀመበት ኅብረተሰብ ነው የተወቀሰው። ይህ ቅኔ ቤት ያወረሰው ሰምና ወርቅ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለ ሳይንስ የተናገረበት ታላቅ ቀን ነበር። ዘርፉ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ወደዚያ ያመራ ነበር።

መንገዱ ለምን ተቋረጠ? መድረኩን ባለ ሥልጣኖች በጥርጣሬ ዓይን ተመለከቱት፤ ግጥም የሚያነበው ልጅና የሚያጨበጭበው ልጅ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚፈራ ነገር ይወለዳልና። ገጣሚዎቹም ቢሆኑ የጊዜው ትግል እየገፋቸው ሲሄድ፣ ግጥም ከመፈክር የሚለይበት ድንበር እየሳሳ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በየግቢው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አልጠፋም፤ ተማሪውን የሚያስፈራና የሚያስናፍቅ፣ ዓመት ቆጥሮ የሚጠበቅ የፈተና መድረክነቱ ግን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወገኖች መመለስ ይቻላል።

«ሁሉም በብራናችን አለ» ለሚሉት የሚሰጠው መልስ አጭር ቢሆን በወደዱ ነበር፤ ነገሩ ግን መብራራት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት መጽሐፈ ሄኖክን ነው። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ክብር ነው፤ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ዑደት፣ ስለ ሰማያት ጉዞም ይናገራል። ነገር ግን የእምነት መጽሐፍን «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» ማለት ሁለት በደል ነው። የሚያምንበትን ሰው መጽሐፉን ልብ ወለድ በማለት ይበድላል፤ ልብ ወለድንም «ደራሲ ያልፈጠረው፣ ሊጠየቅበት የማይችል» በማድረግ ይገድላል። ልብ ወለድ «ይህን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፣ ተከራከሩኝ» ብሎ የሚቀርብ ሥራ ነው። በቅኔ ሕግም የአባት ቅኔ ለልጅ አያገለግልም ተብሏል፤ እነዚህ ሰዎች በውርስ ቅኔ ማሕሌት ሊቆሙ ይፈልጋሉ።

የዚህ ስሜት ጥላ በጥሩ መጽሐፍ ላይ እንኳ ያርፋል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ምን ያህል ተርቦ እንደ ነበር አሳየ፤ ደጋግሞ ታተመ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ የስለላ ድርጅቶች፣ የጣና ገዳማት፣ ሁሉ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኙ። መጽሐፉን ያመሰገኑት ብዙ ናቸው፣ ያጣጣሉትም አሉ። ነገር ግን «ሳይንሱ ከገዳም ተደብቆ ይገኛል ወይስ በጠረጴዛ ላይ በስሕተትና በሙከራ ይሠራል?» የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ደራሲውን ከፊት አስቀምጦ የሚጠይቅ ጉባኤ ልማድ ቢኖር ኖሮ፣ የተከተሉት ወጣት ጸሐፊዎች የተደበቀ ምሥጢር ፍለጋውን ብቻ ባልቀዱ ነበር። አንባቢው መጽሐፉን ለብቻው አነበበ፤ ለብቻው ተደነቀ፤ ለብቻው ዘጋው። ለጸሐፊውም ቢሆን ከሺህ አድናቂ ይልቅ አንድ ብርቱ ተከራካሪ ይጠቅመው ነበር።

«የባዕድ ነው» የሚሉት ደግሞ ባዕዱ ኢትዮጵያን ስንት ጊዜ እንዳለማት ቢያውቁ ይደነግጡ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን የዓባይን ምንጭ ያየውን የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በወጣትነቱ ተርጉሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ጻፈ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሚሞክር አንድ ባለሙያ አለ። ስለ አየሩ ክብደት፣ ስለ ክንፉ ስፋት፣ የሚበር ሠራዊት ስለሚያመጣው አደጋ እየመረመረ ለልዑሉ ያስረዳል። በመጨረሻ ከገደል አፋፍ ዘሎ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ያልጠቀሙት ክንፎች በውኃው ላይ ያንሳፍፉታል። በኢትዮጵያ ተራራ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው የልብ ወለድ አውሮፕላን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በጣም የሚያስገርመው ይመጣል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስካይለር በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም ተከታታይ ታሪክ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 የወጣውና ኋላ «ጥቁር ኢምፓየር» በሚል ስም በመጽሐፍ የታተመው ይህ ታሪክ፣ ጥቁር ሳይንቲስቶች በአውሮፕላንና በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ መሣሪያዎች አፍሪካን ከአውሮፓ ገዥዎች ነጻ ሲያወጡ ያሳያል። በዚያው ጊዜ የሐዲስ ዓለማየሁ ትውልድ በዱር ተዋጋ፣ ተማርኮም በኢጣሊያ እሥር ቤት ማቀቀ። ነጻነቱ በምድር ላይ በአርበኛ ደም ተገኘ፤ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን መጀመሪያ የታለመው በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና በአማርኛ የሚነገረው «ክራምብስ» የተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም እንኳ ዋና ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ሲሆን ዳይሬክተሩ እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ባዕዱ መጥቶ በአማርኛ እስኪያልም ድረስ ባለቤቱ «የባዕድ ነው» እያለ ተቀምጧል።

ስለ ገበሬውም መልስ አለ። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የተሠራችው የእርሻን፣ የደንንና የውኃን ሁኔታ ከላይ እንድትመለከት ነው። የምሥራቅ ጎጃም የጤፍ ማሳ ከጠፈር የሚታይ ሆኗል። በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ከመንኮራኩሩ ጋር ተገናኝቷል፤ የቀረው ስለ ግንኙነቱ የሚያስብለት ደራሲ ነው። ያቺ ከላይ የምታይ ዓይን ለማን ትናገራለች? ስለ ማሳው ከገበሬው ቀድሞ የሚያውቅ ማን ይሆናል? ግብር ሰብሳቢው ነው ወይስ እህል ነጋዴው? ከዚህ የተሻለ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መነሻ በሎስ አንጀለስም አይገኝ።

ቋንቋው አይችልም የሚለው ሰበብ ደግሞ መስማትም አይገባውም። «ጠፈር» በኦሪት ዘፍጥረት ከውኃ በላይ የተዘረጋው ነበር፤ ዛሬ የጠፈር ተመራማሪ ይባልበታል። «መንኮራኩር» የሠረገላ ጎማ ነበር፤ ዛሬ ጨረቃ ይደርሳል። ቃላቱ ከሰዎቹ ቀድመው ተጉዘዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ቃል በመዝገብ ውስጥ አይኖርም፣ ቃል የሚኖረው ሰው በአፉ ሲለው፣ ይልቁንም ገጸ ባሕርይ ሲቆጣበት ወይም ሲያለቅስበት ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው መሐንዲስ አይደለም፤ ቼኩ የቴአትር ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 በጻፈው ቴአትር ነው። በቼክ ቋንቋ መነሻው ጭሰኛ በጌታው መሬት ላይ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን «ሁዳድ» ብሎ ያውቀዋል። ቴአትሩ ያኔ በአንድ ጉባኤ ቤት ደጃፍ አልፎ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካ የሠራው ጭሰኛ በግእዝ ግስ ተወልዶ ሌላ ስም በኖረው ነበር። አሁንም አልረፈደም፤ ማሽን ስለሚያስበው ሐሳብ ዓለም ሁሉ በሚከራከርበት በዚህ ጊዜ የሁዳዱ ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሥቷልና።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ብዙ መምህርና ተማሪ በትኗል። «በዚህ ጊዜ ስለ ምናብ ጉባኤ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ቢባል፣ የሚጠይቀው ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጠቀው ነገን ማሰብ መሆኑን ማንም መምህር ያውቃል። አጊኮን የተከፈተው የቬትናም ጦርነት እየነደደ፣ በዚያው ግቢ መለዮ ለባሽ ተማሪዎች ለዘመቻ በሚሠለጥኑበት ዓመት ነው። ስካይለር የጻፈው አዲስ አበባ በጠላት እጅ ሳለች ነው። የቅኔ ጉባኤ ቤቶችም ስንት ጦርነትና ስንት ረሃብ ያለፉት መንግሥት በጀት መድቦላቸው አይደለም።

በበጀት ጉዳይ ላይ እንግዲህ ክርክሩ ሊቆም ይችላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሚጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ የፊዚክስ መምህራን፣ የእርሻ መምህራን አሉት፤ ደብረ ወርቅና ዲማ፣ ከነመምህሮቻቸው፣ ጎረቤቶቹ ናቸው። መንገዱ ሰላም ባገኘ በመጀመሪያው የበጋ ወር፣ ለሁለት ቀን የሚሆን አንድ አዳራሽና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል። የመክፈቻ ንግግር አይኑር። አበል አይኑር፤ ስንቁን የያዘ ይምጣ፣ ያልያዘውን የአካባቢው ተማሪ ያሳድረው። ከፊት ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንድ የቅኔ መምህር፣ አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንድ ልብ ወለድ ከማንበብ በቀር ሌላ ማዕረግ የሌለው አንባቢ። ወጣቱ ታሪኩን ያንብብ። ቀድሞ የተነበበ ታሪክ አይነበብ። ከሦስቱ አንዱ «መልሰህ ቁጠረው» ካለ፣ ወጣቱ ወጥቶ በግቢው ዛፍ ሥር ይቀመጥና መልሶ ይቁጠረው፤ እስከ ማታ ጊዜ አለው።